ለዓይን ሲይዝ የምትበራ ቀይ ክር

የጠመንጃ መነጽር ውስጥ የምትበራ ቀይ የማነጣጠሪያ ክር ለምሽት አደን ትጠቅማለች ወይስ አትጠቅምም? ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ብጠየቅ ኖሮ ያለማንገራገር እመልስ ነበር። ዕድሜዬን የፈጀሁት ማይክሮስኮፕ፣ የቅየሳ መሣሪያና አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር በመጠገን ነው፤ ብርሃን መስታወት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ይሁን እንጂ ታላቅ ወንድሜ ስልክ ደወሉና ነገሩን ቡሬ ድረስ ሄጄ በዓይኔ እንዳየው ግድ ሆነ። የሄድኩት መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ ሁለት ጊዜ ይታሰባል፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ካለበት ሳይነሳ ለሚያነብ ሰው ነው።

ወንድሜ አያ ደሳለኝ የቤታችን በኩር ናቸው፤ እኔ ደግሞ የመጨረሻዋ፣ በአገራችን አነጋገር አንጓች። አባታችን ቶሎ ስላረፉ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ነው ወንድሜን አንቱ የምለው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ሸለቆ ውስጥ በቆሎ ያርሳሉ። በቆሎው ሲያፈራ የዱር አሳማ ከጫካው ይወርድና የዓመት ልፋትን በአንድ ምሽት ረግጦት ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገበሬ በማሳው ጫፍ የእንጨት ማማ ይሠራል፤ ከላዩ ሆኖ ይጠብቃል። አሳማ ለመከላከል የተፈቀደች አንዲት ምንሽር አለች። እሷን የሚይዝ ሰው የሸለቆው ሁሉ ጠባቂ ነው። ለብዙ ዓመት የያዟት አያ ደሳለኝ ነበሩ።

ከመሄዴ ከወር በፊት ግን የተኮሱት ጥይት አሳማውን ስቶ የጎረቤታቸውን የቢምረውን ማማ እግር ልጦት አለፈ። ቢምረው ማማው ላይ ተቀምጦ ነበር።

በዚያ አገር ታላቅን ፊት ለፊት «ዓይንዎ ደክሟል» የሚል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሁሉም ባንድ አፍ ጀንበሯን ወቀሰ። ዘንድሮ ቶሎ ትጠልቃለች፣ ሰው ሳይዘጋጅ ይመሽበታል ተባለ። ይህን እያሉም ቢሆን በወሩ ማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ባለ ማሳዎቹ ተገናኝተው ምንሽሯ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ሊነጋገሩ ቀጠሩ። አያ ደሳለኝ ደግሞ በምሽት ውስጧ የሚበራ መነጽር እንዳለ ቡሬ ገበያ ላይ ሲወራ ሰምተዋል። «ያቺን ይዘሽልኝ ነይ። አለዚያ ጠመንጃዋን ከእጄ ሊወስዷት ነው» አሉኝ። ወንድሜ ከኔ ነገር ሲለምኑ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር።

ማክሰኞ

መነጽሩ የደንበኛዬ ነው። በባሌ አገር የአደን አስጎብኚ ሆኖ ሲሠራ የኖረ ሰው ሲሆን ሊያስጠግነው ያመጣውን መነጽር አውሰኝ ብለው አላቅማማም፤ ሞክሬ ስመለስ ቀይዋ ክር ጥቅም ይኑራት ወይም ጌጥ ትሁን እውነቱን እንድነግረው ብቻ አስማለኝ። ለምንሽር የሚሆን መቀመጫ አብሮኝ የሚሠራው የብረት ሠራተኛ አዘጋጀልኝ። ሁሉንም በፎጣ ጠቅልዬ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ደጀን ላይ ፍተሻ ነበር። ቦርሳዬን የከፈተው ፖሊስ መነጽሩን አንስቶ ገለባበጠውና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የጠመንጃ መነጽር ነው ማለት ነገር መፈለግ ይመስላል፤ አይደለም ማለት ደግሞ ውሸት ነው። እውነቱን ነገርኩት፤ የወንድሜን ፈቃድ ግልባጭም አሳየሁት። አንብቦ ሲያበቃ መነጽሩን ወደ ዓባይ በረሃ አዙሮ ተመለከተ። ማዶ ገደሉ ላይ ያለ ዝንጀሮ ሲያክክ እንደታየው ለባልደረቦቹ ነገራቸው፤ ሁሉም ተራ በተራ አዩ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው በኔ መነጽር ምክንያት ቆሞ ጠበቀ፤ እኔም ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ጠበቅኩ።

ደምበጫ ስንደርስ የአውቶቡሱ ሞተር ቀበቶ ተበጠሰ። አዲስ አበባ ቢሆን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ለብቻው ይበሳጭ ነበር። እዚያ ግን ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ሴት የምትጠብሰውን በቆሎ እስከ ምድጃው ወደኛ አቀረበችውና ተሳፋሪው ሁሉ ዙሪያውን ተኮለኮለ። አዲስ አበባ ላይ የምገዛው በቆሎ ከሰል ከሰል ይላል፤ ይሄኛው በፍም ዳር ተለብልቦ ወተቱ ገና አልደረቀም። ሦስተኛውን ስበላ ቀበቶው እንዲዘገይ መመኘቴን አልደብቅም። በዚህ ምክንያት ቡሬ ላድር ያሰብኩት ፍኖተ ሰላም አደርኩ።

አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት ፈንታነሽ ትባላለች። ሰፊ፣ ሳቂታና ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ክፍሌ ገብቼ መነጽሩን ባበራው ክሯ ጥቁር ሆና ቀረች። ማብሪያው ቦርሳ ውስጥ በራሱ ዞሮ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ኖሯል፤ ባትሪው አልቋል። ባትሪው ደግሞ ጠፍጣፋ ክብ ነው፤ መርካቶ ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ የምገዛውን ነገር ፍኖተ ሰላም ውስጥ የት እንደምፈልገው ጨነቀኝ። ለፈንታነሽ ነገርኳት። ነገ እንይ አለችና በሽንኩርት የተሠራ የድንች ወጥ አቀረበችልኝ። የጽጌ ጾም ትጾማለች፤ እኔም እንደምጾም ሳትጠይቀኝ ወሰነችልኝና ዝም ብዬ ጾምኩ።

ረቡዕ

በማለዳ ፈንታነሽ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘመዷ ዘንድ ወሰደችኝ። ሰውዬው ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ የትንሿን ሚዛን ሆድ ከፍቶ ባትሪውን አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ልኩ ነበር። በምን ሊመዝን ነው ብዬ ስጨነቅ እስክመለስ በድሮው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን እንደሚሠራ ነገረኝ፤ ስመለስ ግን እንዳልረሳው አደራ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ ለማያውቁት ሰው የመሥሪያ ሚዛኑን ባትሪ አውጥቶ የሚሰጥ ነጋዴ አላየሁም። እኔም ብሆን አልሰጥም።

ማንኩሳን አልፌ ቡሬ የገባሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። የቡሬን በርበሬ ቤቴ ወጥ ላይ ብቻ ለማውቀው ሰው ገበያው መሃል መቆም ሌላ ነገር ነው። ቀዩ ክምር ጸሐይ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ሲያነሳው ሳስነጥስ፣ ሳስነጥስ፣ ሰላምታ ለመስጠት የቀረበኝ ሰው እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ቢምረው ነበር። ጥይት ማማውን የላጠበት ሰው የተኳሹን እህት ለመቀበል በቅሎ ይዞ ገበያ ድረስ መጥቷል።

ቢምረው በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ገበሬ ነው። ቦርሳዬን ለበቅሎዋ አልሰጥም ብሎ ራሱ ተሸከመው። ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ነገረኝ። ስለ ጥይቱ አንድ ቃል አልወጣውም። መጨረሻ ላይ ወንድሜ ደህና ናቸው ወይ ስል ጠየቅኩት።

«ደህና ናቸው እታለም። እንደው ጀንበሯ ዘንድሮ ምን እንደነካት እንጃ፤ ቶሎ ነው ጥልቅ እምትል።»

እኔ ቀጥታ መናገር የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ጀንበሯ ከዓምናው ሰዓቷ እንደማትዛነፍ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁና ተውኩት።

ቤት ስንደርስ አያ ደሳለኝ ደጃፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን ያነሱት ለበቅሎዋ ነው ወይስ ለኔ አልለየሁም። ስቀርብ ግን አገላብጠው ሳሙኝ፣ ከሳሽ አሉኝ፣ አልከሳሁም አልኳቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ አይብ የመሰለ ነጭ ሽሮ አቀረቡልኝና እንደገና ጾምኩ።

ሐሙስ

ረፋዱን መነጽሩን ምንሽሯ ላይ ሳስር ዋልኩ። ከቤቱ በታች ያለው የአፈር ገደል ለሙከራ ተመረጠ፤ ጎረቤት ሁሉ ተኩስ እንዳለ ተነገረው። ገለባ የሞላሁትን ጥቁር የከሰል ማዳበሪያ ገደሉ ሥር አቆምኩ፤ ማዳበሪያው አሳማ ሆነ። የተኮሰው ቢምረው ነው፤ እኔ መዞሪያዎቹን እያስተካከልኩ ጥይቱ ክሯ ወዳለችበት እስኪገባ አስማማሁት። ቀጥሎ አያ ደሳለኝ ተኮሱ። በጠራራ ጸሐይ ማዳበሪያውን መሃሉን አሉት። ኩራታቸው እኔንም አኮራኝ፤ «አየሽ» ብለው ጠመንጃዋን ሲመልሱልኝ የልጅነቴን አያን አየሁ።

ቢምረው መነጽር አያምንም። እሱ በምሽት ሲያነጣጥር በአፈሙዙ ጫፍ ባለችው ማነጣጠሪያ ላይ ነጭ ጥጥ ያስራል፤ ጥቁር ብረት በጥቁር አሳማ ላይ ስለማይታይ ነጯ ጥጥ ትመራዋለች። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ የምትበራው ክርም የተፈለሰፈችው ለዚሁ ነው። ልዩነቱ ጥጧ አሳማውን ግማሽ ትሸፍናለች፤ ክሯ ግን ቀጭን ናት፣ መነጽሩም ያቀርባል። ይህን አስረድቼው አልተዋጠለትም፤ ምሽቱን እናያለን ተባባልን።

ጀንበር ስትጠልቅ ሦስታችንም ከገደሉ ፊት ለፊት ተቀመጥን። አዲስ አበባ ላይ ምሽት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ቀን ነው፣ ከዚያ የመንገድ መብራት ነው። እዚያ ግን በመሃል ያለችው ጊዜ ሰፊ ናት፤ ለዓይን ሲይዝ ይሏታል። ዛፉ ዛፍ፣ ሰውም ሰው መሆኑ ይታወቃል፤ የትኛው ዛፍና ማን እንደሆነ ግን አይለይም። አሳማ የሚወርደው በዚያች ጊዜ ነው።

መብራቱን ሳላበራ አየሁ፤ ጥቁሯ ክር ጥቁሩ ማዳበሪያ ላይ ስትደርስ ጠፋች። የት እንዳነጣጠርኩ አላውቅም። በመጨረሻው ዝቅተኛ ድምቀት አበራኋት፤ ቀጭን ቀይ መስቀል ማዳበሪያው መሃል ተቀመጠች፣ ማዳበሪያውም አልጠፋኝም። ወደ ላይኛው ድምቀት ሳዞረው ግን ዓይኔ በቀዩ ተሞላና ማዳበሪያው ተሰወረ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብርሃን ስለሆነ በጨመረ ቁጥር የሚያሳይ ይመስለዋል። ቢምረው ለረጅም ጊዜ አየና ክሯ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥናለች፣ ከጥጥ ትሻላለች ብሎ አመነ። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ተራው የአያ ደሳለኝ ሆነ። ዓይናቸውን አስጠግተው ቆዩ።

«ምን ይታይዎታል?» አልኳቸው።

«አበባ ነዋ! ቀይ አበባ፤ ቅጠሏ ብዙ» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ድምቀቱ ከፍ ብሎ እንደሆነ ብዬ መዞሪያውን ዳሰስኩት፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ነው። መስታወቱን ጠረግኩ፤ የዓይን ማስተካከያውን አዞርኩ። አበባዋ አልጠፋችም። ሥራዬ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። ብርሃን ሲያንስ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ በዓይን መስታወት ላይ ያለ ደመና ሁሉ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ አንዲት ጠብታ ብርሃን ተበትና ታብባለች። ቀን ጸሐይ ላይ መሃሉን ያሉት ለዚህ ነው። መነጽሩ ደህና ነበር፤ የወንድሜ ዓይን ሞራ ለብሷል።

ቀና ስል ቢምረው ያየኛል። እሱም ገብቶታል። አያ ደሳለኝ ግን አበባዋን እያደነቁ ነበር። አልነገርኳቸውም። ቀጥታ መናገር የለመድኩት ሴትዮ ራት ላይ ስለ ጀንበሯ ሲወራ ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ቀኑን እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ዋልኩ፤ የምነግራቸው መሆኔን ግን አልተጠራጠርኩም። ከመምሸቱ በፊት እነግራቸዋለሁ ስል ምሽቱ ቀደመኝ። አያ የጥበቃ ተራቸው ስለነበር አብሬያቸው ማማው ላይ ወጣሁ።

በሸለቆው አንድ ሕግ አለ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከመተኮሱ በፊት አንድ ጊዜ ያፏጫል። ማማው ላይ ያለ ጎረቤት በፉጨት ይመልሳል፤ ያ ማለት ከጥይት በላይ ነኝ፣ ተኩስ ማለት ነው። ከማማው የወረደ ሰው ግን ትንፍሽ አይልም፤ ዝም ካለ አይተኮስም። ይህን አያ ራሳቸው እየተቀመጥን አስረዱኝ። ከከተማ የትራፊክ መብራት ይልቅ የሚታመን ሕግ መስሎኝ አደነቅኩ።

ለዓይን ሲይዝ በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ሁለት ጥቋቁር ጀርባዎች ከቢምረው ማሳ ጫፍ ወጡ። አያ መነጽሩን አበሩ፤ ዝቅ አድርጌ ያስተካከልኩትን መዞሪያ አልነኩትም። አፏጩ። ከማዶ ፉጨት ተመለሰ። ጣታቸው ወደ ቃታው ሄደ።

ፉጨቱ ዝቅ ብሎ ከመሬት የመጣ መሰለኝ። እጄን መነጽሩ ፊት ጋረድኩ። ጠመንጃ ፊት እጅ መጋረድ በዚያ አገር ነውር ነው፤ አያ በጣም ተቆጥተው ቀና አሉ።

«አያ፣ ከአሳማዎቹ ኋላ ምን ይታይዎታል?»

«በቆሎ ነዋ። ሌላ ምን ሊታየኝ ኖሯል?»

አዙሬ በመነጽሩ አየሁ። ከአሳማዎቹ ኋላ ጋቢውን የተከናነበ ሰው ጅራፍ ይዞ ቆሟል። ቢምረው አሳማዎቹ ማሳው ሲገቡ ለማባረር ከማማው ወርዷል።

«ቢምረው ነው፤ መሬት ላይ ቆሟል» አልኳቸው።

አያ መልሰው አዩ፤ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጥይቷን ከጠመንጃው አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጧት። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አበባዋ ለሌላ ሰው ቀጭን ክር እንደሆነች፣ ዓይናቸው ሞራ እንደያዘው፣ ሞራ ደግሞ በሐኪም እንደሚነሳ። አልተከራከሩኝም። ስለ ዓይናቸው ሳይሆን ስለ ፉጨቱ ጠየቁኝ፤ መሬት ላይ ሆኖ ለምን መለሰ?

ቢምረው አሳማዎቹን አባሮ ከማማችን ሥር ሲመጣ ይህንኑ ጠየቁት። አንገቱን ደፋ።

«አያ እርስዎ አፏጭተው እንዴት ዝም ልበል?»

ጎጃም ውስጥ ለታላቅ አለመመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ ሰው ይህን መልስ አይረዳውም። ሰውዬው ሕጉን ያውቃል፤ አፉ ግን ከሕጉ ቀደመው። በደግነቱ ሊሞት ነበር። እኔ ደግሞ ሐሙስ ማታ ለጀንበሯ ራሴን ስነቀንቅ ያመሸሁት ሰው ከእሱ በምን እንደምሻል አላወቅኩም። ማማው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሁለቱም ምን እንደሚያደርጉኝ ጠፋቸው።

ቅዳሜ

የማርያም ዕለት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ባለ ማሳዎቹ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሴት እዚያ ጉባኤ አትቀመጥም ሲባል አድጌያለሁ፤ መነጽር ይዛ የመጣች ሴት ግን የት እንደምትቀመጥ ሕግ ስላልነበረ ከዳር ተቀመጥኩ። ንግግሩ ከሩቅ ጀመረ። አንዱ ዝናቡን፣ ሌላው ዳመናውን አነሳ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አዛውንት ጀንበሯ ዘንድሮ እንዳስቸገረች፣ በዚህ ማንም እንደማይወቀስ መናገር ጀመሩ።

አያ ደሳለኝ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ጀንበሯን ተዉአት» አሉ። «ጀንበሯ ጥፋት የለባትም። ትናንት ማታ ይህን ልጅ ልገለው ነበር። ዓይኔ ነው የደከመው፤ እህቴ ናት የነገረችኝ። እናንተስ ታውቁ ኖሯል?»

አንዱ ዱላውን፣ ሌላው የዛፉን ሥር ተመለከተ። አያ ምንሽሯን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ለቢምረው ሰጡት። ቢምረው ለመቀበል ተነስቶ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አያ ከለከሉት።

«አንድ ነገር ልለምንህ። ከእንግዲህ ጠመንጃዋ ወደኔ ብትመለስ እንኳ፣ መሬት ላይ ሆነህ ሳፏጭልህ ዝም በለኝ። ዝም ስትለኝ ነው አከበረኝ እምል።»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ስብሰባው አብቅቷል አሉ። የተነጋገሩት ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

በዚያው ምሽት ቢምረው በመነጽሩ ተኮሰ። አያ ማማቸው ላይ ሆነው ፉጨቱን መለሱለት፤ ክሯ በዝቅተኛው ድምቀት በርታ ነበር፤ አንድ ትልቅ ወንድ አሳማ ወደቀ። ከዚያች ጥይት ቀጥሎ ጨለመና በመነጽሩ ሳይ ቀይዋ መስቀል ምንም በሌለበት ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ተንሳፍፋለች። ክሯ የምታሳየው ያነጣጠርንበትን ነው፤ እንስሳውንም ሆነ ከኋላው የቆመውን አታበራም።

አሳማውን ማንም በእጁ አልነካውም። በገመድ ጎትተው ገደል ከተቱት፤ ጎታቾቹ ወንዝ ወርደው እስከ ክንዳቸው ታጠቡ። አዲስ አበባ ላይ ሥጋውን የሚገዙ ምግብ ቤቶች እንዳሉ ብነግራቸው እትዬ ጥሩዬ ጆሯቸውን ያዙ።

እሑድን ከቤተሰቡ ጋር ዋልኩ፤ መነጽሩን ከምንሽሯ ፈትቼ ጠቀለልኩ። ቢምረው ጥጧን መልሶ አሰረ። ክሯን ቢወዳትም የሰው ንብረት ናት፤ ጥጥ ደግሞ ባትሪ አይፈልግም አለኝ። ስለዚህኛው አልተከራከርኩትም።

ሰኞ

አያ ደሳለኝን ይዤ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። እዚያ ያለው የዓይን ሐኪም በትንሽ መብራት ዓይናቸውን አየና የሁለቱም ዓይን ሞራ እንደበሰለ፣ ቀዶ ሕክምናው አስቸጋሪ እንዳልሆነ ነገራቸው። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ቀጠሮ ተያዘ። ፈንታነሽ አያን እንዳየቻቸው የናቷን አጎት ይመስላሉ ብላ ወሰነችና ዋናውን ክፍል ለቀቀችልን። ስታባብላቸው፣ ስታጎርሳቸው ሳይ ወንድሜን ከኔ ይልቅ የምታውቃቸው እሷ መሰለችኝ። አዲስ አበባ ላይ ሆቴል የገባ ሽማግሌ ቢበዛ ወንበር ይሳብለታል።

ባትሪውን ለወርቅ ሠሪው መለስኩለት። ሚዛኑ ውስጥ ከትቶ አበራው፤ ሠራ። አሳማ ወደቀ ወይ ብሎ ጠየቀኝና ወድቋል ስለው ባትሪውን እንደ ጀግና አየው።

ማግስቱን አያ በሚኒባስ ወደ ቡሬ፣ እኔ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተለያየን። ደጀን ላይ ያው ፖሊስ መነጽሩን አስታወሰው፤ ዝንጀሮውን ግን አላገኘውም።

ለአስጎብኚው ደንበኛዬ የማልኩትን ነገርኩት። ትጠቅማለች። ለዓይን ሲይዝ፣ ጥቁር እንስሳ ጥቁር ቦታ ሲቆም፣ በመጨረሻው ዝቅተኛ ድምቀት፣ የሚተኩሰው ሰው ዓይን ጤነኛ ከሆነ ትጠቅማለች። ከዚያ ቀደም ብሎ ታስጌጣለች፣ ከዚያ ዘግይቶ ታታልላለች። የዓይን ሐኪም በሌለበት አገር ደግሞ ሰው አበባ አየሁ ካለ ጠመንጃውን አስቀምጦ ሐኪም ወዳለበት ይሂድ። መነጽሩን መልሶ ሲጠቀልል ለምን እንደዚህ ቆጣ ብዬ እንደነገርኩት ጠየቀኝ፤ እንዲህ መናገር ልምዴ ነው አልኩት።

ከጥር በኋላ አንድ ምሽት አያ ደወሉልኝ። የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ተነስቶ፣ ፋሻው ወልቆ፣ ቤታቸው ገብተዋል። በመስኖ የዘሩት ድንች ላይ አሳማ ስለሚወርድ ማማው ላይ ወጥተው ነበር፤ ጠመንጃ አልያዙም፤ ምንሽሯ ከቢምረው ጋር ናት። ከማዶ ቢምረው ሲያፏጭ መለሱለት።

«ከዚያ ሳይ አንጓች» አሉኝ፣ «የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያሰራት ጥጥ ከማማዬ ታየችኝ። ነጭ ናት። ቅጠልም የላት።»

የሁለቱን ማማ ርቀት ስለማውቀው ጥቂት እንደጨመሩበት አልጠራጠርም። አልነገርኳቸውም።